መጀመሪያ መስመሩን ያንብቡ፦ ስካነርን ፈትቶ የማጽዳትና የመጠገን መመሪያ

በቢቸና፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ፕሪንተር ልጠግን በተቀመጥሁበት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ አባት አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ገቡ። የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ደብተሩን ስካን አድርጎ አተመላቸው። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የማሳው ስፋት የተጻፈበትን ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር አቋርጦት ከቁጥሮቹ አንዱ ጠፍቶ ነበር። «ልጄ፣ መሬቴን ማንም አልቆረሰው፤ ቁጥሩን ማን ቆረሰው?» አሉት።

ልጁ መስታወቱን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወለወለ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። «አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማሽኑ ሞቷል፤ አዲስ መግዛቴ ነው» አለ። ማሽኑ ግን አልሞተም ነበር። ምን እንደ ነበረ ወደ ኋላ፣ ነገሩ በቦታው ሲደርስ እነግርዎታለሁ።

በምሥራቅ ጎጃም ያሉት ቢቸናና ሞጣ ወረቀት የሚከበርባቸው አገሮች ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ በሁለቱም አውራጃዎች ገበሬው «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ተነሥቷል። ዛሬም የግብር ደረሰኙ፣ የይዞታ ደብተሩ፣ የልጅ የትምህርት ማስረጃው በሣጥን ታችኛው ክፍል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ያ ወረቀት ከሣጥን ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው በስካነር በኩል ነው። ስለዚህ የተበላሸ ስካነር የባለ ሱቁ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሰው ድካምም ነው።

ይህ መመሪያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ላላችሁ፣ ለትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ እንዲሁም በቤቱ አንድ አሮጌ ስካነር ላስቀመጠ ሁሉ ነው። መልእክቱ አንድ ነው፦ ስካነር በሽታውን ራሱ በሚያወጣው ሥዕል ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ያንን ያንብቡ፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይክፈቱ።

ስካነር እንዴት ያያል?

ጠፍጣፋ ስካነር ወረቀቱን እንደ ካሜራ ባንዴ አያየውም። ከመስታወቱ ሥር አንድ የንባብ ራስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በራሱ ላይ ጥቃቅን ዓይኖች በአንድ ተርታ ተደርድረዋል። ስምንት ተኩል ኢንች ስፋት ባለው መስታወት ላይ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) የሚያነብ ስካነር በተርታው ወደ 5,100 የሚሆኑ ዓይኖች አሉት። እያንዳንዱ ዓይን ከገጹ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱን ቀጭን ረድፍ ብቻ ያያል። አንድ ዓይን ፊት ብናኝ ቢቀመጥ ስሕተቱ ነጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ከገጹ ራስ እስከ ግርጌ የሚዘልቅ መስመር ይሆናል።

ሁለተኛው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነጩ ጠፈፍ ነው። ራሱ ከሚያርፍበት ጫፍ፣ ከመስታወቱ ፍሬም ሥር፣ ከውጭ የማይታይ ነጭ ጠፈፍ፣ ማለትም ስስ ጥብጣብ፣ ተለጥፏል። ስካነሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያንን አይቶ «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብሎ ዓይኖቹን ያስተካክላል። ጠፈፉ ላይ ቆሻሻ ካለ ከሥሩ ያለው ዓይን ብርሃን ያነሰው መስሎት ራሱን ያጎላል፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርስም ከልክ በላይ አንጥቶ ያነባል።

ስካነሮች በሁለት ይከፈላሉ። ቀጫጭኖቹ፣ እንደ ካኖን ላይድ ያሉት፣ የንባብ ራሳቸው ከመስታወቱ ሥር ተጠግቶ ይሄዳል፤ የሚያበሩት በጥቃቅን የኤልኢዲ መብራት ነው፤ አብዛኞቹም ኃይል የሚያገኙት በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ነው። ወፍራሞቹና አሮጌዎቹ፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የቀድሞ ኤችፒ ስካንጄቶች፣ ነጭ የመብራት ዘንግ፣ መስታወቶችና ሌንስ ያሉበት ሣጥን አላቸው፤ የራሳቸው አዳፕተርም አላቸው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቁልፍ ወይም ወፍራም መጽሐፍ አስቀምጠው ስካን ያድርጉ። ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለው ክፍል ወዲያው ከደበዘዘ ቀጭኑ ዓይነት ነው፤ ጥልቀቱ ጥርት ብሎ ከታየ ሣጥን ያለው ነው።

ሳይከፍቱ በሽታውን ይለዩ

ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት ሁለት ሥዕል ይውሰዱ። አንዱ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርገው፣ ሁለተኛው ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ካርቶን አድርገው፤ ሁለቱንም በ300 ዲፒአይ። ፋይሎቹን «የበፊቱ» ብለው ያስቀምጡ። ሥራው ሲያልቅ መስካሪዎ እነሱ ናቸው። ከዚያ እንዲህ ያንብቡ፦

– ነጥቡ ወረቀቱን ሲያዞሩት አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። በቦታው ከቀረ የመስታወቱ ነው። የላዩን ወልውለውት ካልለቀቀ ከሥር አለ ማለት ነው።

– ከራስ እስከ ግርጌ የሚሄድ ብሩህ ወይም ነጭ መስመር ነጩ ጠፈፍ መቆሸሹን ይነግራል።

– ጠቆር ያለ ወይም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሆነ መስመር የንባብ ራሱ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፤ አልፎ አልፎም የሞተ ዓይን ይሆናል።

– መስመሩ የሚወጣው ወረቀት ከላይ በመጋቢው ሲያስገቡ ብቻ ከሆነ ምንም አይፍቱ። ከዋናው መስታወት ጎን ያለችውን ጠባብ መስታወት ይመልከቱ። እዚያ ላይ የደረቀ የፍሉድ ጠብታ ወይም የስቴፕለር ጭረት አለ። ጠብታውን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰው በጥፍርዎ ቀስ ብለው ያንሡት። ከፎቶ ኮፒ ቤቶች ከሚመጡልኝ የመስመር ቅሬታዎች ብዙው ይህ ነው።

– ገጹ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ፣ ጥቁሩም ግራጫ ከሆነ፣ ከመስታወቱ ሥር ጉም አለ። የፕላስቲኩ እንፋሎት፣ የክረምት እርጥበት፣ የዕጣንና የቡና ቁላት ጭስ ተደምረው የሚሠሩት ስስ ልባስ ነው።

– የገጹ አንድ ጎን ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ፣ ስካነሩም ቀጭን ከሆነ፣ ራሱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ ወጥቷል ወይም ከሥሩ ባዕድ ነገር ገብቷል።

– ፊደላቱ ከተንቀጠቀጡ ወይም ከተሰባበሩ ሐዲዱ ቆሽሿል፣ ወይም ቺንጋው ላልቷል።

– ሲነሣ እንደ ወፍጮ ከጮኸ በመጀመሪያ ከሥሩ ገልብጠው የጉዞ መቆለፊያ እንዳለው ይዩ። በብዙ አሮጌ ስካነሮች ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለበት መግፊያ አለ። ተቆልፎ ከሆነ መክፈት ብቻ ነው።

– ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካላወቀው ገመዱን ይቀይሩ፤ በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሞክሩ፤ ማከፋፈያውን ትተው በቀጥታ ይሰኩ። አንዳንድ አሮጌ ስካነሮች ለባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ድራይቨር አልወጣላቸውም፤ እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ ቩስካን በሚባለው ፕሮግራም ወይም በሊኑክስ ሊሠሩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ችግርዎ ከተፈታ መመሪያውን ይዝጉና ሥራዎን ይቀጥሉ። ያልተፈታ ብሎን አይጠፋም።

የሚያዘጋጁት

አነስተኛ ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ፤ ለአንዳንድ ማሽን ደግሞ ባለ ኮከብ ጫፍ። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ። ለስላሳ ፔኔሎ። የመነጽር መወልወያ ጨርቅ፣ ሁለት። የጆሮ ጥጥ። ላጲስ። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት። የሕፃናት አፍንጫ መምጠጫ የላስቲክ ኳስ፤ ይህች ርካሽ ዕቃ ከማንኛውም መንፊያ ትበልጣለች። ብሎን ለመለየት የእንቁላል ትሪ።

ስለ ፈሳሹ ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎ። ለመስታወት የሚሆነው ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ አልኮል ነው። የእጅ ሳኒታይዘር አይጠቀሙ፤ ለቆዳ ማለስለሻ የሚገባበት ግሊሰሪን መስታወቱ ላይ ቅባት ትቶ ይሄዳል። በረኪናም አይቅረብ። ለመጨረሻው ማጥሪያ የተጣራ ውሃ ይፈልጉ። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ የኖራ ቀለበት ይተዋል። በጋራዥ «የባትሪ ውሃ» ብለው ከገዙ የተጣራው ውሃ መሆኑን በእርግጠኝነት ይጠይቁ፤ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል፣ እጅንም ማሽንንም ይበላል።

ነጠላ፣ ጋቢና ፎጣ ንጹሕ ቢሆኑም ክር ይጥላሉ። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ይረጫል። የጋራዥ ኮምፕረሰር ዘይትና ውሃ ይተፋል።

አከፋፈት፣ ደረጃ በደረጃ

1. ቦታና ሰዓት ይምረጡ። መኪና አቧራ በማያስነሣበት ማለዳ ይሁን። ወለሉ አፈር ከሆነ ውሃ ረጭተው ይጥረጉ፤ አቧራው እስኪያርፍ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቀን ከሆነ ለነገ ያሳድሩት። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፕላስቲክ ያንጥፉ።

2. የመብራቱን ስፒናና የዩኤስቢ ገመዱን ሁለቱንም ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ነጭ የመብራት ዘንግ ያለው ዓይነት ከሆነ ዘንጉን የሚያበራው ክፍል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያመነጫል፤ ከነቀሉ በኋላ አሥር ደቂቃ ይታገሡ።

3. የጉዞ መቆለፊያ ካለው፣ ራሱም በማረፊያው ላይ ከሆነ፣ ይቆልፉት። ስካነሩን ሲገለብጡ ራሱ እንዳይንሸራተት ነው።

4. ክዳኑን ቀጥ አድርገው ያቁሙና በሁለት እጅ ወደ ላይ ይሳቡት። ማጠፊያዎቹ በአብዛኛው ያለ ብሎን ይወጣሉ። ከክዳኑ የሚወርድ ሽቦ ካለ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ።

5. ብሎኖቹን ይፈልጉ። በሥር፣ በጀርባ ወይም በላይኛው ፍሬም ጠርዝ ላይ ይሆናሉ። የማይታዩት ከጎማ እግሮቹና ከወረቀት ስቲከር ሥር ይደበቃሉ፤ ስቲከሩን በጣትዎ ሲጫኑት ጎድጎድ ካለ ቀዳዳው እዚያ ነው። ከያንዳንዱ እርምጃ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ብሎኑን ባወጡበት ቅደም ተከተል በእንቁላል ትሪው ላይ ያኑሩ። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ሥሩ ያለውን ሰሌዳ ይወጋል።

6. ብሎኖቹ ካለቁ በኋላ ፍሬሙን የሚይዙት የፕላስቲክ ጥርሶች ናቸው። የኤቲኤም ካርዱን በስንጥቁ ያስገቡና በጎን በኩል እየገፉ ይሂዱ። እያንዳንዱ ጥርስ «ጠቅ» ብሎ ይለቃል። ቢላዋ አይጠቀሙ፤ ቢላዋ ካመለጠ መስታወቱን ጫፉ ላይ ይሰነጥቀዋል። እምቢ ያለ ጎን ካለ ያላዩት ብሎን አለ ማለት ነው፤ ጉልበት ሳይጨምሩ ተመልሰው ይፈልጉ።

7. ፍሬሙን ከነመስታወቱ ከአንድ ጎን እንደ መጽሐፍ ገጽ ጥቂት ብቻ ከፍ ያድርጉትና በባትሪ ይመልከቱ። ከመጫኛ ቁልፎቹ ወደ ውስጥ የሚሄድ ስስ ገመድ ሊኖር ይችላል። ካለ ሶኬቱን ነቅለው ነው ፍሬሙን የሚያነሡት። በአንዳንድ ሞዴል መስታወቱ ራሱ በሁለት ወገን ማጣበቂያ የተለጠፈ ነው፤ እንዲህ ያለውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ማድረቂያ ከሌለ ይተዉት።

ጽዳት

አሁን ውስጡ ከፊትዎ ነው፦ የንባብ ራሱ፣ የሚሄድበት ዘንግ ወይም ሐዲድ፣ ባለ ጥርሱ ቺንጋ፣ ትንሿ ሞተር፣ እንደ ሪባን የተኛው ጠፍጣፋ ኬብል፣ በጎን ያለው ሰሌዳ። ከደረቅ ወደ እርጥብ፣ ከአጥር ወደ ዓይን ይሂዱ።

በመጀመሪያ የወለሉን ብናኝ በፔኔሎ ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው ያውጡ። የሞተ በረሮ፣ የጉንዳን ዐፈር፣ የስቴፕለር ሽቦ የተለመዱ ናቸው። ስቴፕለር ሽቦ ካገኙ ሰሌዳው ላይ ሌላ አለመውደቁን ያረጋግጡ።

ከዚያ መስታወቱ። ጠርዙን ብቻ ይያዙ። ጨርቁን ያርጥቡ እንጂ ፈሳሹን መስታወቱ ላይ አይርጩ፤ በፍሬሙ ጠርዝ ሾልኮ ነጩን ጠፈፍ ያረጥበዋል። ሥሩን በአልኮል በአንድ አቅጣጫ ይወልውሉ፤ ቀጥሎ በተጣራ ውሃ በጥቂቱ በራሰ ጨርቅ፤ በመጨረሻ በደረቅ። በበጋ ደረቅ ጨርቅን ደጋግሞ መፈግፈግ መስታወቱን በኤሌክትሪክ ይሞላውና አቧራ ይጠራል። መጨረሱን ለማወቅ የስልክ መብራት በአግድም ያብሩበት። ከላይ ሲያዩት የጠራ መስታወት በአግድም ብርሃን ስንት ጉም እንደ ያዘ ሲያሳይዎት ይገረማሉ።

ነጩን ጠፈፍ ፍጹም አይላጡት። አልኮልም አይንካው፤ ማጣበቂያውን ይፈታዋል። በባትሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመርምሩት፣ በፔኔሎ ይጥረጉት፣ የቀረውን በተጣራ ውሃ በትንሹ በራሰ የጆሮ ጥጥ ያንሡ። ጥጡ ራሱ ክር አለመተዉን ደግመው ይዩ።

የዚያን ቀን በቢቸና ያገኘሁት እዚህ ነበር። አራት ብሎን ፈትተን ፍሬሙን ስናነሣ ጠፈፉ ላይ፣ ከመካከሉ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር ተጋድሟል። ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ አላየነውም፤ ባትሪውን ዝቅ አድርገን በአግድም ስናበራ ጥላው ታየ። የጋቢ ክር ነበር። ልጁ ማሽኑን ማታ ማታ ከአቧራ ለመጠበቅ ጋቢ ያለብሰው ነበርና አንዲት ክር በማጠፊያው በኩል ገብታለች። ልጁ ራሱ በፔኔሎ ጫፍ አነሣት። የአባትየውን ቁጥር የበላችው እሷ ነበረች።

ወደ ንባብ ራሱ እንመለስ። በቀጭኑ ዓይነት፣ በራሱ ላይ በርዝመቱ የተዘረጋች እንደ ጠባብ መስኮት ያለች የሌንስ ተርታ አለች። መጀመሪያ በላስቲክ ኳሱ ይንፉባት፤ ከዚያ አልኮል በጥቂቱ በነካው የመነጽር ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ፣ ሳይጫኑ ያሳልፉ። ራሱን ካነሡት ሥሩ ያሉትን ሞላዎች ይጠብቁ፤ ተፈናጥረው ይጠፋሉ።

በሣጥናሙ ዓይነት ጉሙ ከመስታወቱ ጽዳት በኋላም ካልለቀቀ ብቻ ሣጥኑን ይክፈቱ። ውስጡ ያሉት መስታወቶች የሚያንጸባርቀው ልባሳቸው ከፊት ነው፤ በጨርቅ ከተነኩ ይጫራሉ። በአየር ብቻ ይንፉባቸው። የሌንሱን ብሎን በምንም ምክንያት አይፍቱ፤ በፋብሪካ የተስተካከለው ትኩረት በእጅ አይመለስም። የመብራት ዘንጉ ውስጡ ሜርኩሪ አለበት። ከተሰበረ መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ስብርባሪውን በወረቀት ሰብስበው ክዳን ባለው ዕቃ ይዝጉት፤ በባዶ እጅ አይንኩት።

የላላና የተበጠሰ

ሐዲዱ፦ የቆየውን ጥቁር ግራሶ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ዘንጉ የብረት ከሆነ የስፌት ማሽን ዘይት አንድ ጠብታ በጨርቅ ነክተው ይቀቡት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አቧራ ይሰበስባል። የምግብ ዘይት ይረጋል፣ የመኪና ግራሶ ይከብዳል። የጉዞ መቆለፊያው ተቆልፎ ከሆነ ከፍተው ራሱን በጣትዎ ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ያንሸራትቱት፤ የሚያዝበት ቦታ ካለ በሽታው እዚያ ነው።

ቺንጋው፦ ዘይት አይነካውም። ከጥርሱ ወጥቶ ከሆነ ይመልሱት። ብዙዎቹ የሚወጥር ሞላ ስላላቸው ሞላው ከማሰሪያው መውጣቱን ይዩ። በጥርሶቹ መካከል የተሰካ የወረቀት ቁራጭ ካለ በስፒል ያውጡ። የተበላ ጥርስ ግን በማጣበቂያ አይተካም፤ ከሞተ ተመሳሳይ ማሽን ነው የሚወሰደው። ስለዚህ የማይጠገን ስካነር ቢኖርዎትም አይጣሉት፤ ለሌላው መለዋወጫ ነው።

ጠፍጣፋው ኬብል፦ ግማሽ ገጽ ከጠፋ ወይም አንድ ቀለም ካልወጣ ቀድመው እዚህ ይዩ። የሶኬቱን መቆለፊያ ከንፈር በጥፍር ከፍ ያድርጉ፤ ኬብሉ ያለ ጉልበት ይወጣል። የመዳብ ጫፎቹን በላጲስ ቀስ ብለው ይፈግፍጉ፣ ፍርፋሪውን ይንፉ፣ የነበረበትን ገጽታ ከፎቶው አይተው ቀጥ አድርገው ያስገቡና ከንፈሩን ይዝጉ። የተሰነጠቀ ኬብል በስኮች አይዳንም።

ኃይሉ፦ አዳፕተር ካለው በቴስተር ይለኩ፤ በላዩ 12 ቮልት ተጽፎ ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ስካነሩ ሳይሆን አዳፕተሩ ነው የሞተው። ሲተኩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የመሰኪያው ጫፍ የፖዘቲቭና የነጋቲቭ ሥዕልም ያው መሆን አለበት። የዩኤስቢ ቀዳዳው ከተነቃነቀ ብየዳው ለቋል፤ ስስ ጫፍ ያለው ሳልዳቶርና የለመደ እጅ ካለ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከሌለ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

መልሶ መግጠምና መፈተሽ

መስታወቱን ከመመለስዎ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሥሩን በአግድም ብርሃን ይመልከቱ፣ ይንፉ። ፍሬሙን እንዳነሡት ከአንድ ጎን እያስተኙ ያውርዱ። የቁልፎቹን ገመድ መመለስዎን አይርሱ። ጥርሶቹን በመዳፍ ጫን ጫን አድርገው ያስነክሱ። ብሎኖቹን ሁሉንም መጀመሪያ በልል ያስገቡ፤ ከዚያ በሰያፍ እየተሻገሩ ያጥብቁ። ፕላስቲክ ላይ የሚገባ ብሎን እስኪቆም እንጂ እስኪጮህ አይጠብቅም። የጉዞ መቆለፊያውን ይክፈቱ። ይህ ተረስቶ ጠግኖ ያበላሸ የመሰለው ስንቱ ነው።

አሁን ነጩን ወረቀትና ጥቁሩን ጨርቅ ዳግም በ300 ዲፒአይ ያንሡ፤ ከ«በፊቱ» ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ነጩ ላይ መስመሩን፣ ጥቁሩ ላይ ጉሙንና ነጥቡን ይፈልጉ። ልዩነቱን በዓይንዎ ካላዩ ጠገንሁ አይበሉ።

ከግንቦት እስከ መስከረም

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በክረምት ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጠዋት ቤት ሲሞቅ እርጥበቱ ከቀዝቃዛው መስታወት ሥር ይጤዛል፤ ሲደጋገም ሻጋታ ይሆናል። ስካነሩን ከመሬትና ከጭቃ ግድግዳ ያርቁት። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አጠራቅመው ማሽኑን በሚያኖሩበት ሣጥን ያስቀምጡ። የጤዘ ማሽን ወዲያው አይብራ፤ ወደ ፀሐይና ወደ ከሰል ምድጃም አይቅረብ፤ በደረቅ ክፍል ይዋል።

በበጋ ጠላቱ አቧራ ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ የጠመኔ ዱቄት። ማሽኑን በፕላስቲክ ወይም ክር በማይጥል ጨርቅ ይሸፍኑ። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ከ220 ቮልት ዘልሎ ነው አዳፕተር የሚገድለው። መስታወቱን በየቀኑ ይወልውሉ፤ ማሽኑን ግን ሥዕሉ ሳይጠይቅ በየወሩ አይክፈቱ። እያንዳንዱ መክፈት ጥርሶቹን ያዳክማል፣ አዲስ አቧራም ያስገባል።

ስካነር ላይ የማይቀመጥ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈው በጥንታውያን ገዳማትና አድባራት አገር ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው የብራና መጽሐፍ ይዞ «ስካን አድርግልኝ» ሊልዎት ይችላል። አያድርጉት። ብራና ሲጫኑት ጥራዙ ይሰበራል፣ ቀለሙ ይፈረፈራል፣ ሙቀቱም ያኮማትረዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም ሆነ በኋላ በብሪቲሽ ላይብረሪ ፕሮግራም ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደው ሥራ የተከናወነው በካሜራ ነው። መጽሐፉ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን እንደ ፈቀደች፣ በማቆሚያ ላይ ግማሽ ተከፍቶ፣ ከላይ በካሜራ ይነሣ። የቆዩ ፎቶግራፎችና የወረቀት ሰነዶች ግን በጸዳ መስታወት ላይ በ600 ዲፒአይ ቢነሡ ለልጅ ልጅ ይበቃሉ።

ያን ቀን ክሯ ከወጣች በኋላ ልጁ አረንጓዴውን ደብተር እንደገና አስቀመጠ። ወረቀቱ ሲወጣ አባትየው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት፤ ጣታቸውን በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። «አሁን ሙሉ ነው» ብለው ደብተሩን በፌስታሉ መልሰው ጠቀለሉት። ልጁ በነጋታው ጋቢውን ከማሽኑ ላይ አነሣ።